እቁቡ፣ ማስያዣውና ፍቺው፦ በሜሪላንድ የትኛው ክስ በየትኛው ፍርድ ቤት ይታያል?

ባለፉት ወራት በሜሪላንድ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው ለየቅል ቢሆንም ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ መዝገብ የምንከፍተው ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው ወይስ ሰርኪት ፍርድ ቤት? ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን «ትንሹ»፣ ሁለተኛውን «ትልቁ» ፍርድ ቤት እያሉ ስለሚጠሯቸው፣ ልዩነቱን የሚወስነው የገንዘቡ መጠን ብቻ ይመስላቸዋል። የዚህ አምድ አዘጋጅ ግን ገንዘቡን ከመቁጠር በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት ብሎ ያምናል፤ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚፈልጉት? ገንዘብ እንዲያስከፍል፣ ቤት እንዲያስለቅቅ፣ ትዳር እንዲያፈርስ ወይስ ከእስራት እንዲያድን? የሚከተሉት መልሶች ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆሙ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስማቸው ጥቂት እንበል። ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ስሙ የአንድ አካባቢ ቢያስመስለውም በመላው ሜሪላንድ አንድ ወጥ የሆነ የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1971 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አነስተኛ ጉዳዮችን ያዩ የነበሩት አሠራራቸው ከካውንቲ ካውንቲ የሚለያይ፣ በእኛ አገር አጥቢያ ዳኛ ይባሉ ከነበሩት ጋር የሚቀራረቡ ዳኞች ነበሩ። ዛሬ ስቴቱን በ12 ዲስትሪክቶች ከፍሎ ይሠራል፤ ፕሪንስ ጆርጅ 5ኛው፣ ሞንትጎመሪ 6ኛው ናቸው። ሰርኪት ፍርድ ቤት ግን የካውንቲው ነው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ አንድ አንድ ስላላቸው በጠቅላላው 24 ይሆናሉ። ይህ አምድ አሠራሩን ያብራራል እንጂ የጠበቃን ምክር አይተካም።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ የሃያ ሰዎች እቁብ ዳኛ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ 1,000 ዶላር እንጥላለን። አንድ አባላችን በአራተኛው ዙር ዕጣ ወጥቶለት 20,000 ዶላሩን ከወሰደ በኋላ እስከ ሰባተኛው ዙር ጥሎ አቆመ። ዋስ አላስጠራሁትም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእቁቡ ስም እንዳይጠፋ ብዬ የእሱን ድርሻ እስከ መጨረሻው ዙር ከኪሴ ሞላሁ። ሽማግሌ ብልክበትም አልሆነም። ስሞል ክሌይም (በዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር ያሉ ክሶች የሚታዩበት መንገድ) ቀላልና ፈጣን ነው ስለተባልኩ 13,000 ዶላሩን ሦስት ቦታ ከፍዬ ልክሰሰው አስቤያለሁ። ይቻላል? እሱ የሚኖረው ሃያትስቪል ነው።

መልስ፦ መክፈል አይቻልም። ከአንድ እቁብና ከአንድ ሰው የመነጨ ዕዳ አንድ የክስ ምክንያት ነው፤ ቆራርሰው ቢያቀርቡት በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ለቀሩት በሩን ሊዘጋባቸው ይችላል። ከ13,000 ዶላሩ ላይ 5,000 ብቻ ጠይቀው በስሞል ክሌይም መሄድ መብትዎ ነው፤ ነገር ግን የተዉትን 8,000 ዶላር በኋላ ተመልሰው መጠየቅ እንደማይችሉ አውቀው መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን የፍትሐ ብሔር ክርክር ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ መለያ መስመሩ አንድ ነው። በሜሪላንድ ግን መስመሮቹ ሁለት ናቸው። እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ጥያቄ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ከ30,000 ዶላር በላይ የሆነው የሰርኪት ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን የሁለቱም ስለሆነ ምርጫው የከሳሹ ነው። ሲቆጠር ወለድና የፍርድ ቤት ወጪ አይደመርም። የእርስዎ 13,000 ዶላር መካከለኛው ሜዳ ላይ ስለሚወድቅ፣ ጥያቄው «የት እችላለሁ» ከሚለው ይልቅ «የቱ ይሻለኛል» የሚል ይሆናል።

ዲስትሪክት ፍርድ ቤትን ቢመርጡ መዝገቡ በመደበኛው የዲስትሪክት ሥነ ሥርዓት ይታያል። ተከሳሹ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ክሱን እከላከላለሁ የሚለውን ማስታወቂያ ለማስገባት በስቴቱ ውስጥ የሚኖር ከሆነ 15 ቀን አለው፤ ተከራካሪዎች ከችሎት በፊት በጽሑፍ የሚለዋወጧቸው ጥያቄዎችም ከ15 አይበልጡም። በሰርኪት ፍርድ ቤት ግን መልስ ለመስጠት 30 ቀን ይሰጣል፤ ምስክርን ከችሎት ውጭ በመሐላ መጠየቅን የመሳሰሉ ሰፊ የማስረጃ ማሰባሰቢያ መንገዶችም ስላሉ ጉዳዩ ይረዝማል፤ ወጪውም ይበዛል። አንዳንዶች ሰርኪትን የሚመርጡት ጉዳያቸው በጁሪ፣ ማለትም ከነዋሪዎች መካከል በሚመረጡ ሰዎች እንዲታይ ሽተው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ክርክር ጁሪ መጠየቅ የሚቻለው ግን የገንዘቡ መጠን ከ25,000 ዶላር በላይ ሲሆን ብቻ ስለሆነ ያ ምክንያት ለእርስዎ አይሠራም። ይህ ወሰን ቀድሞ 15,000 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ የስቴቱ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2022 በድምፃቸው ከፍ አድርገውታል። እንግዲህ ማስረጃው በእጁ ያለና ምስክሮቹ ጎረቤቶቹ የሆኑ የእቁብ ዳኛ ሰርኪት ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድበት ምክንያት ለዚህ አምድ አዘጋጅ አይታየውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት ያለው በይግባኙ ላይ ነው። ከዲስትሪክት ፍርድ ቤት የሚወጣ ይግባኝ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ለሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ክሱ ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ ከሆነ ሰርኪት ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ከሥሩ፣ እንደ አዲስ ይሰማዋል፤ ምስክርም ይደገማል፤ ያልቀረበ ማስረጃም ሊቀርብ ይችላል። ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን የይግባኝ ዳኛው የሚያየው በሥር ችሎት የተቀዳውን ቃልና የቀረበውን ሰነድ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ትንሹ ክስ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ የመሰማት ዕድል ሲኖረው መካከለኛው ክስ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ዕጣ የወጣበትን ቀን፣ 20,000 ዶላሩ ለእሱ የተላለፈበትን የባንክ ማስረጃ፣ እርስዎ በየዙሩ ስለሞሉት ገንዘብ አባላቱ የሰጡትን የጽሑፍ ማረጋገጫና ቢያንስ ሁለት ምስክር ለመጀመሪያው ቀጠሮ ያድርሱ። ቀሪውን በይግባኝ አቀርባለሁ ብለው ያቆዩት ወረቀት ለምንም አይጠቅምዎትም።

ቦታውን በሚመለከት፣ እቁቡ የሚጣለው በሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑ ብቻ በሞንትጎመሪ ለመክሰስ አያበቃዎትም። በመርሕ ደረጃ ተከሳሽ የሚከሰሰው በሚኖርበት፣ በሚሠራበት ወይም በመደበኛነት በሚነግድበት ካውንቲ ነው። ሃያትስቪል በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ስለሆነች መዝገቡን እዚያ ይከፍታሉ፤ ሰውየው በቤተስዳ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ ግን በሞንትጎመሪም ሊከሱት ይችላሉ። ቦታ ቢሳሳቱ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ወደ ትክክለኛው ካውንቲ ሊያዛውረው ይችላል። በአገራችን የሥነ ሥርዓት ሕግ «የሥረ ነገር ሥልጣን» የምንለውን ቢሳሳቱ ግን፣ ለምሳሌ የ40,000 ዶላር ክስ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ቢያቀርቡ፣ ተከሳሹ ቢስማማም እንኳ ስምምነቱ ፍርድ ቤቱ የሌለውን ሥልጣን አይሰጠውም። ለእንዲህ ያለው ክስ የተቀመጠው የይርጋ ጊዜ በጠቅላላው 3 ዓመት ስለሆነም፣ በተሳሳተ ቦታ ሲመላለሱ ጊዜው ሊያልፍብዎት ይችላል።

በመጨረሻም፣ ተከራክሮ መርታትና ገንዘቡን ማግኘት ሁለት ነገር ናቸው። የዲስትሪክት ፍርድ ቤት የገንዘብ ፍርድ ለ12 ዓመት ይጸናል፤ መታደስም ይችላል። ባለዕዳው በካውንቲው ውስጥ ቤት ወይም መሬት ካለው፣ ፍርዱን በዚያው ካውንቲ ሰርኪት ፍርድ ቤት በማስመዝገብ ንብረቱ ላይ የዕዳ መያዣ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ዳግመኛ ሊበደርበት የሚፈልግ ሰው ያን ጊዜ ራሱ ሽማግሌ ይልካል።

ጥያቄ፦ በዊተን ተከራይቼ ከኖርኩበት አፓርትመንት ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ስገባ ያስያዝኩትን 2,400 ዶላር ዲፖዚት አከራዩ አልመለሰልኝም፤ የቀነሰበትንም ምክንያት አልጻፈልኝም። ጓደኛዬ ሦስት እጥፍ መጠየቅ ትችላለህ አለኝ። የቤት ጉዳይ ምንጊዜም በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስተው አይደለም። የሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ማስያዣውን ተከራዩ ከወጣ በ45 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከያዘውም ተከራዩ የተያዘበትን ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍ ከተገቢ የጠበቃ ወጪ ጋር መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጥሩ ዜና መዝገብዎን ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ያሻግረዋል። 2,400 ዶላር ብቻ ከጠየቁ ክሱ ስሞል ክሌይም ነው፤ አቀራረቡ ቀለል ይላል፤ የማስረጃ ደንቦቹም ይላላሉ። ሦስት እጥፉን፣ ማለትም 7,200 ዶላር ከጠየቁ ግን ከ5,000 ስለሚያልፍ በዚያው በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በመደበኛው ሥነ ሥርዓት ይታያል፤ ደንቡም ጠበቅ ይላል። 5,000 ዶላር ጠይቀው ቀሪውን መተውም ሌላው መንገድ ነው። አከራዩ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ የስሞል ክሌይም ጣሪያ ሌላም ትርጉም አለው፤ ኩባንያ በዚህ ችሎት ያለ ጠበቃ በኃላፊው በኩል መቅረብ ሲፈቀድለት፣ ከዚያ በላይ ባለ ክስ ግን ጠበቃ ማቆም ይጠበቅበታል። ጠበቃ መቅጠር ግድ የሚሆንበት ባለ ኩባንያ ከችሎት በፊት ለድርድር ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል።

«የቤት ጉዳይ ምንጊዜም በዲስትሪክት» የሚለው አባባል በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት የሚሆነው የሚጠየቀው ቤቱ ሲሆን ነው። አከራይ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ቤቱን ለማስመለስ የሚያቀርበው ክስ የተጠራቀመው ኪራይ የቱንም ያህል ቢሆን የሚጀመረው በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። እርስዎ ግን ቤቱን ለቀው ወጥተዋል፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የሚመራዎት የገንዘቡ መስመር ነው።

ገና በኪራይ ቤት ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር። አከራዩ ባልተከፈለ ኪራይ ምክንያት ክስ ከማቅረቡ በፊት የ10 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከፍርድ በኋላ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ በሌሎች ጉዳዮች እንደተለመደው 30 ቀን ሳይሆን 4 ቀን ብቻ ስለሆነ ነገ ዛሬ ማለት አያዋጣም። በሌላ በኩል የማስለቀቁ ትዕዛዝ እስኪፈጸም ድረስ ዕዳውን ከተፈረደው ወጪ ጋር ሙሉ በሙሉ ከፍሎ በቤቱ መቆየት ይቻላል፤ ይህ መብት የሚቀረው በቀደሙት 12 ወራት ውስጥ ተደጋጋሚ ፍርዶች ለተሰጡበት ተከራይ ነው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ከአንድ ሱቅ 220 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሳይከፍል ወጥቷል ተብሎ ተከሰሰ። መጥሪያው ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይል ነበር። የመንግሥት ጠበቃ ከተመደበለት በኋላ ግን ጁሪ ተጠይቋል ተብሎ መዝገቡ ሮክቪል ወደሚገኘው ሰርኪት ፍርድ ቤት ተላከ። ጉዳዩ ከበደ ማለት ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እናታችን፣ ጉዳዩ አልከበደም። መዝገቡ የሄደበት ምክንያት ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ውስጥ ጁሪ የሚባል ነገር ስለሌለ ብቻ ነው። የወንጀል ጉዳይ ክፍፍል ከገንዘቡ ክፍፍል የተለየ ነው፤ ወሳኙ ሕጉ ለወንጀሉ ያስቀመጠው የቅጣት ጣሪያ ነው። ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሚስዲሚነር የሚባሉትን ቀላል ወንጀሎች፣ የትራፊክ ጥፋቶችንና በሕግ ተለይተው የተሰጡትን ጥቂት ፌሎኒዎች ያያል፤ የቀሩት ከባድ ወንጀሎች የሰርኪት ፍርድ ቤት ናቸው። አንድ ተከሳሽ የተከሰሰበት ወንጀል ከ90 ቀን በላይ ሊያሳስር የሚችል ከሆነ በጁሪ ልዳኝ ማለት መብቱ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገቡ ወደ ሰርኪት ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሜሪላንድ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች በሆነ ዕቃ ስርቆት ቅጣቱ ቢበዛ 90 ቀን ነው። ከ100 እስከ 1,500 ዶላር ባለው ግን ለመጀመሪያ ጥፋተኝነት እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። የልጅዎ 220 ዶላር በሁለተኛው ውስጥ ስለሚወድቅ ጁሪ የመጠየቅ መብት አስገኝቶለታል፤ የክሱ አንቀጽም የቅጣቱ ጣሪያም መዝገቡ ሲዛወር አልተለወጡም።

ጠበቆች ይህን መንገድ የሚመርጡባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ለማግኘት ሊሆን ይችላል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች በሙሉ ድምፅ ካልተስማሙ በስተቀር ጥፋተኛ ሊባል እንደማይችል አስበው ሊሆን ይችላል። የሚያስቀረውም ነገር አለ። በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ተከራክሮ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ በሰርኪት ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደ አዲስ ይሰማለታል፤ ገና ከመነሻው ጁሪ የጠየቀ ሰው ግን ያን ሁለተኛ ዕድል ቀድሞ ተጠቅሞበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የስቴቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ምስክር አይደገምም። ይህን ለልጅዎ ጠበቃ አንሥተው መጠየቅ ነውር የለውም።

ልጅዎ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ ከፍርድ ቤቱ ምርጫ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ስርቆት ትንሽ ቢመስልም በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ፣ ጠበቃ የውጭ ዜጋ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ በኢሚግሬሽን ረገድ የሚያስከትለውን እንዲያስረዳው ግዴታ አለበት። እንግዲህ ልጁ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለቱ በፊት ዜግነቱን ጠበቃው ማወቅ አለበት። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ቅጹን ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት በቂ ጊዜ ሰጥታችሁ አስገቡ። ዘመድ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን፣ የቱንም ያህል ቢወደን፣ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው አዲስ አበባ ነው፤ በጌትርስበርግ ስንኖር አራት ዓመት ሆነን። ከስምንት ወር በፊት በደረሰብኝ ጉዳት በዲስትሪክት ፍርድ ቤት የጥበቃ ትዕዛዝ አወጣሁ፤ ልጃችንም ከእኔ ጋር እንዲቆይ ዳኛዋ ወሰኑልኝ። ከዚያ ወዲህ አብረን አልኖርንም። ጉዳዬን የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ፍቺውንም እዚያው መጨረስ እችላለሁ? አዲስ አበባ የጋራ ቤት አለን።

መልስ፦ እህታችን፣ አይችሉም። ፍቺ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ ቀለብና የጋብቻ ንብረት ክፍፍል፣ በመካከላቸው ያለው ገንዘብ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ በሜሪላንድ የሰርኪት ፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው። የጥበቃ ትዕዛዝን ግን ሁለቱም ፍርድ ቤቶች መስጠት ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቶቹ በሚዘጉበት ሰዓትም በቀንም በሌሊትም የሚሠሩ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ኮሚሽነሮች ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣሉ። በሩ እንዲህ የሰፋው ሆን ተብሎ ነው፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሰው የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ሲያጣራ መዋል የለበትም። ይሁንና በዚያ ትዕዛዝ ውስጥ ስለ ልጁ የተወሰነው ጊዜያዊ ነው። የመጨረሻ የሚባለው የጥበቃ ትዕዛዝ እንኳ በመደበኛው የሚጸናው እስከ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ ስምንት ወሩ ማለፉን ቆጥረው ትዕዛዙ ሳያበቃ በሰርኪት ፍርድ ቤት የፍቺና የልጅ አስተዳደግ ክስ ቢያቀርቡ ይበጃል። የትዕዛዙን ቅጂ አያይዘው ያቅርቡ፤ ዳኛው አዲስ ቢሆኑም ታሪኩ ከወረቀቱ ይነበባል።

ጋብቻው በኢትዮጵያ መፈጸሙ እንቅፋት አይሆንም፤ የጋብቻውን የምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ማቅረብ ግን ይጠበቅብዎታል። ለፍቺ ምክንያት የሚሆነው ነገር የተፈጠረው ከሜሪላንድ ውጭ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ከሁለት አንዳችሁ ለስድስት ወር በስቴቱ መኖር ነበረባችሁ፤ እናንተ ከዚያ አልፋችኋል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሜሪላንድ ሕግ ምንዝርን፣ ጭካኔንና የመሳሰሉትን የጥፋት ምክንያቶች አስቀርቶ ለስድስት ወር ተለያይቶ መኖርን፣ የማይታረቅ አለመግባባትን እና የጋራ ስምምነትን ብቻ የፍቺ ምክንያት አድርጓል። የእርስዎ ስምንት ወር ስለዚህ በቂ ነው፤ በችሎት ያጠፋው ማን ነው እያሉ ቁስል መነካካትም ለፍቺው አያስፈልግም፤ በእርስዎ ላይ የተፈጸመው ድርጊት ስለ ልጁ በሚደረገው ክርክር ግን ይታያል።

የአዲስ አበባው ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። የሜሪላንድ ዳኛ የቤቱን ዋጋ በጋብቻ ንብረት ሒሳብ ውስጥ ሊያስገባውና አንዱ ለሌላው ገንዘብ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፤ የቤቱን ካርታ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ማዛወር ግን በኢትዮጵያ ባለው ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ነው። ቤቱ የተሠራበትን ወይም የተገዛበትን ጊዜ የሚያሳዩ ሰነዶችን ከአሁኑ ያሰባስቡ፤ በዚህ ክርክር ብዙ ሰው የሚጎዳው ንብረቱ ስለሌለ ሳይሆን ወረቀቱ በዘመድ እጅ ስለቀረ ነው።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሹፌር ነኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የፍጥነት ቲኬት ደረሰኝ፤ አንዱን በሮክቪል ፓይክ የካውንቲ ፖሊስ፣ ሌላውን በክላራ ባርተን ፓርክዌይ የፓርክ ፖሊስ ሰጠኝ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለመከራከር ሮክቪል ብሄድ ሁለተኛውን አናውቀውም አሉኝ። ሁለቱም የሚሉት ዲስትሪክት ኮርት ነው!

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፤ ስሙም ሆነ መንገዱ ያሳስታል። የመጀመሪያው ቲኬት የሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ስለሆነ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ቅጣት ማቅለያ ለማስረዳት መጠየቅ ወይም ለክርክር ቀጠሮ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ክላራ ባርተን ግን በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቢያልፍም የፌዴራል መንግሥት ፓርክ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቲኬት የሚቀርበው በግሪንቤልት ለሚገኘው የዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። የባልቲሞር–ዋሽንግተን ፓርክዌይ የፌዴራል ክፍልም እንዲሁ ነው። በቲኬቱ ላይ «ዲስትሪክት ኮርት» ከሚለው በፊት «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚል ካለ ሮክቪል አይሂዱ፤ ቀኑንና የክፍያውን መንገድ በዚያው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ያረጋግጡ። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ቀን ሊያልቁልዎ አይችሉም።